ውጫዊ ዲስክ ሲነቀል ኮምፒውተሩ አይነሳም፤ ኤፍኤስታብ ላይ ምን ይጻፍ?

አዲስ_ገቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሲስተሙ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን ውስጣዊ ዲስክ) ላይ የተጫነ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ነው። ውስጡ 4 ቴራባይት የሳታ ዲስክ አለ፤ ሌላ ደግሞ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ዲስክ አለ። ማሽኑ ሲነሳ የትኛው ዲስክ በየትኛው ፎልደር እንደሚከፈት በሚነግረው ፋይል፣ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ ላይ፣ ለሁለቱ የተጻፈው ይህ ነው፦

/ዴቭ/ኤስዲኤ1 /ዳታ ኤክስት4 ዲፎልትስ 0 1
/ዴቭ/ኤስዲቢ1 /ባክአፕ ኤንቲኤፍኤስ3 ዲፎልትስ 0 2

ሁለቱም ተሰክተው ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይሠራል። አልፎ አልፎ ግን /ዳታ «ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ» ብሎ ይወድቃል። ዩኤስቢው ተነቅሎ ከተነሳ ስክሪኑ ላይ ሰከንድ የሚቆጥር መስመር ወጥቶ ደቂቃ ተኩል ያስጠብቃል፣ ከዚያ ኢመርጀንሲ ሞድ (ለጥገና ብቻ የሚከፈት የትእዛዝ መስመር) ውስጥ ይገባል። በተጨማሪ /ባክአፕ ላይ ከሩት (ከአስተዳዳሪው) በቀር ማንም መጻፍ አይችልም። ሦስቱም ምክንያታቸው አንድ ነው ወይስ የተለያየ?

የሰርቨር_ዘብ፦

የተለያየ ነው። መልሱን ከማየታችን በፊት ግን ማሽኑ አሁንም ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ቆሞ ከሆነ መጀመሪያ ከዚያ እናውጣው።

የሩት ፓስወርድ ከጠየቀ አስገባና ግባ። ሩት ፋይል ሲስተሙ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል ኤዲተር ከመክፈትህ በፊት ይህን ስጠው (ማውንት ማለት ፋይል ሲስተምን ከአንድ ፎልደር ጋር አያይዞ መክፈት ነው)፦

ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብልዩ /

ከዚያ በኤፍኤስታቡ ውስጥ የ/ባክአፕ መስመር መጀመሪያ ላይ # አድርግና ሪቡት።

ብዙ ዲስትሮዎች ላይ የሩት አካውንት ተቆልፎ ነው የሚመጣው። እንደዚያ ከሆነ ፓስወርድ አይጠይቅም፤ ኮንሶሉን መክፈት አልችልም፣ ሩት ተቆልፏል ይልና ኤንተር በተጫንክ ቁጥር እዚያው ይመልስሃል። ያኔ ሪቡት አድርገህ የግራብ (የቡት አስጀማሪው) ሜኑ ላይ «ኢ» የሚለውን ፊደል ተጫን፣ ሊኑክስ ብሎ የሚጀምረውን መስመር መጨረሻ ፈልግ፣ አንድ ክፍተት ትተህ ኤፍኤስታብ=ኖ የሚለውን ጨምርና በኮንትሮል-ኤክስ አስነሳ። ቡቱን የሚመራው ሲስተምዲ ለዚያ አንድ ቡት ብቻ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ ይዘለዋል። ስለዚህ /ሆም የተለየ ፓርቲሽን ላይ ከሆነ እሱም አይመጣም። ለመጠገኛ ብቻ ተጠቀምበት፤ ሩቱ እዚህም ለንባብ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ያው የሪማውንት ትእዛዝ ያስፈልግሃል።

ማዕዶት፦

አንደኛውን ችግር እኔ ልውሰድ፤ የስሙን ማለቴ ነው።

ኤስዲኤ እና ኤስዲቢ የዲስኮቹ ስም አይደሉም። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ባገኛቸው ቅደም ተከተል የሚሰጣቸው ተራ ናቸው። ፍለጋው ጎን ለጎን ስለሚካሄድ ቀድሞ የመለሰው «ኤ» ይሆናል። የዩኤስቢው ዲስክ ቀድሞ በተገኘ ቀን /ዴቭ/ኤስዲኤ1 የሚባለው የኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም) ፓርቲሽን ነው፤ አንተ ደግሞ ኤክስት4 (የሊኑክሱ) ነው ብለህ ጽፈሃል። «ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ» የመጣው ከዚህ ነው። እንዲያውም በደህና ወጥተሃል። ሁለቱም ኤክስት4 ቢሆኑ ኖሮ ምንም ስህተት ሳይታይ ቦታ ተቀያይረው ይከፈቱ ነበር፤ የማመሳሰያ ስክሪፕት ካለህም ባዶውን ዲስክ ምንጭ አድርጎ ሙሉውን ያጸዳው ነበር።

ቋሚውን መለያ ለማየት፦

ኤልኤስብልክ -ኤፍ

ዩዩአይዲ በሚለው ዓምድ ሥር የሚታየው ነው። የርዝመቱ መለያየት አያስደንግጥህ፦ ኤክስት4፣ ኤክስኤፍኤስ እና ቢቲአርኤፍኤስ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ቁምፊ አላቸው፤ ኤንቲኤፍኤስ 16፣ ፋት ደግሞ መሐሉ ላይ ሰረዝ ያለው 8 ብቻ። ሁሉም ኤፍኤስታብ ላይ ዩዩአይዲ= ከሚለው ቀጥሎ ያለ ጥቅስ ምልክት ይጻፋሉ።

ዩዩአይዲ የፋይል ሲስተሙ እንጂ የዲስኩ አይደለም። ፓርቲሽኑን እንደገና ፎርማት ካደረግከው ይቀየራል፣ ኤፍኤስታቡም መታረም አለበት። ይህ የሚያስቸግርህ ከሆነ ሌብል (ራስህ የምትሰጠው ስም) መጠቀም ትችላለህ፤ ከፎርማት በኋላ ያንኑ ስም መልሰህ ትሰጠዋለህ። ኤክስት4 እስከ 16 ባይት፣ ኤክስኤፍኤስ እስከ 12፣ ፋት እስከ 11 ይቀበላል። ግን «ዳታ» የሚል ሌብል ያለው ሌላ ዲስክ አንድ ቀን መሰካቱ አይቀርም። ለቋሚ ዲስክ እኔ የምመርጠው ዩዩአይዲን ነው።

ቀለም_ቀንድ፦

ማዕዶት ባለችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዲስክን እንዳለ በሚቀዳው ትእዛዝ፣ በዲዲ፣ ከገለበጥክ ዩዩአይዲውም አብሮ ይገለበጣል። ዋናው እና ግልባጩ አንድ ላይ ተሰክተው ማሽኑ ከተነሳ የትኛው እንደሚከፈት እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ኤክስኤፍኤስ ይህን ያውቃል፤ አንዱ ተከፍቶ እያለ ሌላውን አልከፍትም ይላል። ኤክስት4 ዝም ብሎ ይከፍታል። ቢቲአርኤፍኤስ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሁለቱን የአንድ ፋይል ሲስተም አካል አድርጎ ሊያያቸውና ዳታ ሊያበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ ግልባጩንና ዋናውን ፈጽሞ አንድ ላይ አትሰካ። ለኤክስት4 ግልባጩን ማውንት ሳታደርግ መጀመሪያ ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ፣ ቀጥሎ፦

ቲዩን2ኤፍኤስ -ዩ ራንደም /ዴቭ/ኤስዲሲ1

ለኤክስኤፍኤስ አቻው ኤክስኤፍኤስ_አድሚን -ዩ ጄነሬት ነው (ሁለቱም ላይ -ዩ ትልቁ ፊደል ነው)።

ከርነል_ወዳድ፦

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ደቂቃ ተኩሉ የሲስተምዲ ነባሪ የመጠበቂያ ጊዜ ነው፤ 90 ሰከንድ። ኤፍኤስታብ ላይ ያለ መስመር ሁሉ፣ ተቃራኒው ካልተነገረ በቀር፣ «ይህ ከሌለ ሲስተሙ ጎዶሎ ነው» ተብሎ ይነበባል። ዲስኩ በ90 ሰከንድ ካልመጣ ማውንቱ ይወድቃል፣ እሱን የግድ የሚፈልገው ሎካል-ኤፍኤስ.ታርጌት (የማሽኑ ዲስኮች ሁሉ ሲከፈቱ የሚደረስበት የቡት ደረጃ) አብሮ ይወድቃል፣ ቡቱም ኢመርጀንሲ ላይ ይቆማል። ብልሽት አይደለም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው።

መፍትሔው ኖፌይል (ዲስኩ ባይኖርም ቀጥል የሚለው ኦፕሽን) ነው፤ ከእሱ ጋር መጠበቂያውን ማሳጠር፦

ዲፎልትስ,ኖፌይል,ኤክስ-ሲስተምዲ.ዲቫይስ-ታይምአውት=10ኤስ

ጊዜውን ከ5 ሰከንድ በታች አታድርገው። ትልቅ የሚሽከረከር ዲስክ በዩኤስቢ በኩል ተነስቶ ራሱን እስኪያስተዋውቅ ጥቂት ሰከንዶች ይወስዳል፤ በጣም ካሳጠርከው ተሰክቶም ሳይከፈት ይቀራል።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮችም አስተካክል። አምስተኛው ዓምድ ዳምፕ ለሚባለው የድሮ የመጠባበቂያ ፕሮግራም ነው፣ 0 ይሁን። ስድስተኛው የኤፍኤስሲኬ (የፋይል ሲስተም መፈተሻው) ተራ ነው፦ 1 ለሩት ብቻ፣ 2 ለሌሎች ኤክስት4 ፓርቲሽኖች፣ 0 ለማይፈተሹት። /ዳታ ላይ 1 ብለሃል፣ 2 መሆን አለበት። ኤንቲኤፍኤስ፣ ቢቲአርኤፍኤስ፣ ኤክስኤፍኤስ እና ስዋፕ 0 ናቸው። (የኤክስኤፍኤስ ኤፍኤስሲኬ ምንም አይሠራም፤ ሲከፈት ከጆርናሉ ራሱን ያስተካክላል።)

እንግዲህ ሁለቱም መስመሮች ላይ ኖፌይል ጨምርበትና ተገላገል።

የሰርቨር_ዘብ፦

@ከርነል_ወዳድ፣ ለ/ባክአፕ እስማማለሁ። «ሁለቱም ላይ» የሚለውን ግን አልቀበልም፤ በዚህ ምክር የተነሳ ስንት ሩት ፓርቲሽን ሞልቷል!

ኖፌይል ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ሰዉ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። የሚታወቀው፣ ዲስኩ ባይኖርም ቡቱ ይቀጥላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ያነሳል። ያለ ኖፌይል ማውንቱ ከሎካል-ኤፍኤስ.ታርጌት በፊት እንዲያልቅ ይጠበቃል፤ ሰርቪሶች የሚነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ከኖፌይል ጋር ግን ማንም አይጠብቀውም። ዲስኩ ተሰክቶ፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ዝም ብሎ ሦስት ሰከንድ ስለዘገየ ብቻ ዳታቤዙ ቀድሞት ሊነሳ ይችላል።

ያን ጊዜ የሚሆነውን አስቡት። /ዳታ የሚባለው ፎልደር ሩት ላይ አለ፤ ባዶ ነው። ሰርቪሱ ይነሳል፣ ባዶ ፎልደር ያያል፣ አዲስ ዳታቤዝ እዚያው ይፈጥራል። ከሦስት ሰከንድ በኋላ እውነተኛው ዲስክ በላዩ ላይ ይከፈታል። ሰርቪሱ አስቀድሞ የከፈታቸውን ፋይሎች ይዞ ሥር ወዳለው ይጽፋል፣ አዲስ የሚከፍታቸው ደግሞ ከላይኛው ይሆናሉ። የባክአፕ ስክሪፕትም እንደዚሁ ነው፤ ዲስኩ ከሌለ ሩቱን እስኪሞላ ይጽፍበታል፣ «ተሳክቷል» ብሎም ይጨርሳል።

ስለዚህ የኔ ምክር፦ ማሽኑ ያለ እሱ ሥራ የማይሠራ ከሆነ ኖፌይል አታድርግበት። ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ መቆሙ ይሻላል። የርቀት ሰርቨር ሆኖ ኤስኤስኤች (የርቀት መግቢያው) የግድ መነሳት ካለበት ኖፌይል አድርግ፤ ነገር ግን ዲስኩን የሚፈልገውን ሰርቪስ እሰረው፦

ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ዳታቤዙ.ሰርቪስ

[ዩኒት]
ሪኳየርስማውንትስፎር=/ዳታ

ይህ ማውንቱን ይጠብቃል፣ ካልተከፈተ ሰርቪሱን አያስነሳም።

ሌላ መከላከያ ደግሞ አለ፤ ለሁሉም የማውንት ቦታ አደርገዋለሁ። ዲስኩ ሳይከፈት፣ ባዶው ፎልደር ላይ፦

ዩማውንት /ዳታ
ቻትር +አይ /ዳታ

ከዚህ በኋላ ዲስኩ ከሌለ ሩት እንኳ እዚያ ውስጥ ፋይል መፍጠር አይችልም፤ ስክሪፕቱ ወዲያው በስህተት ይቆማል። ዲስኩ በላዩ ሲከፈት ግን እገዳው ሥር ያለው ፎልደር ላይ ስለሆነ የዲስኩን ይዘት አይነካም።

አዲስ_ገቢ፦

ግሩም ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባዶ መሆኑን ለማየት /ባክአፕ ዩማውንት ሲደረግ ሥሩ ፋይሎች ተገኙ! ሩቱም ዲኤፍ 92 በመቶ ሞልቷል ሲል ዲዩ ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር የሚደምረው። የጠፋው ቦታ ይኸው ነው ማለት ነው?

የሰርቨር_ዘብ፦

አዎ፣ እሱው ነው። ዲኤፍ የሚጠይቀው ፋይል ሲስተሙን ነው፣ ዲዩ ግን ፎልደር በፎልደር እየሄደ ይደምራል፤ በማውንት የተሸፈነውን ማየት አይችልም። ሌላ ጊዜ ምንም ሳትነቅል ሥሩን ለማየት፦

ኤምኬዲአይአር /ሥር
ማውንት --ባይንድ / /ሥር
ዲዩ -ኤስኤች /ሥር/ባክአፕ

የባይንድ ማውንት የሩቱን ፋይል ሲስተም ብቻ ስለሚያሳይ በላዩ የተከፈቱት ዲስኮች አይታዩም። ፋይሎቹን ከማጥፋትህ በፊት ዲስኩ ላይ መኖራቸውን አረጋግጥ፤ አንዳንዶቹ እዚያ ብቻ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ስትጨርስ ዩማውንት /ሥር። ይህን ሳትነቅል /ሥርን በአርኤም -አርኤፍ እንዳትነካው፤ ሙሉ ሩትህ ነው።

ማዕዶት፦

ለሚነቀል ዲስክ ከኖፌይል ብቻውን አውቶማውንት ይሻላል፦

ኖፌይል,ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት,ኤክስ-ሲስተምዲ.ዲቫይስ-ታይምአውት=10ኤስ,ኤክስ-ሲስተምዲ.አይድል-ታይምአውት=2ሚን

በቡት ጊዜ ዲስኩን ማንም አይጠብቀውም። አንድ ፕሮግራም /ባክአፕ ውስጥ ሲገባ ያን ጊዜ ይከፈታል፤ 2 ደቂቃ ማንም ካልነካው ይዘጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሰርቨር_ዘብ ያለው አደጋ እዚህ የለም፦ ፎልደሩን የያዘው አውቶማውንቱ ራሱ ነው። ዲስኩ ከሌለ መንካት የሞከረው ፕሮግራም 10 ሰከንድ ጠብቆ ስህተት ይመለስለታል እንጂ ሩት ላይ አይጽፍም።

ብዙ ቦታ ኖአውቶን (በቡት ጊዜ አትክፈተው የሚለውን) አብረው ሲጽፉት ታያለህ። አውቶማውንት ካለ ኖአውቶ ለውጥ አያመጣም፣ ተወው።

ቀለም_ቀንድ፦

የፈቃዱ ጉዳይ ቀርቷል። ኤንቲኤፍኤስ እና ፋት ላይ ባለቤትነትን በማውንት ኦፕሽን ስጥ፦

ዩአይዲ=1000,ጂአይዲ=1000,ዲማስክ=022,ኤፍማስክ=133

1000 የሚለውን አይዲ የሚለው ትእዛዝ በሚነግርህ ቁጥር ተካው። ዲማስክ ለፎልደር፣ ኤፍማስክ ለፋይል ነው፦ ፎልደሮቹ 755፣ ፋይሎቹ 644 ይሆናሉ። አንድ ዩማስክ=022 ብቻ ብትጽፍ ፋይሎቹ ሁሉ የሚፈጸሙ ሆነው ይታያሉ።

ይህን ኤክስት4 ላይ እንዳትሞክረው። ኤክስት4 ባለቤቱን እያንዳንዱ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ ዩአይዲ= የሚለውን ኦፕሽን አያውቀውም፣ ማውንቱም ይወድቃል። እዚያ የሚደረገው ዲስኩ ተከፍቶ ሳለ አንድ ጊዜ ቾውን (ባለቤት መቀየሪያው ትእዛዝ) ማለት ነው። ሳይከፈት ቾውን ካደረግክ የቀየርከው ሥር ያለውን ባዶ ፎልደር ነው፤ ዲስኩ ሲከፈት የራሱን ባለቤት ይዞ ይመጣል።

ዲስኩ ዊንዶውስ ላይም የሚሰካ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። በደንብ ሳይዘጋ ከተነቀለ ኤንቲኤፍኤስ3 «ቮልዩሙ ዲርቲ ነው» ብሎ አይከፍተውም። ፎርስ የሚል ኦፕሽን አለ፤ አትጠቀመው። ዊንዶውስ ላይ ሰክተህ ቼክዲስክ አስኬድበት፣ ከዚያ በደንብ አስወጥተህ ንቀለው። ወደ ዊንዶውስ ጨርሶ የማይሄድ ከሆነ ደግሞ ለባክአፕ ኤክስት4 አድርገው፤ ባለቤትነትንና ፈቃድን እንዳለ የሚያስቀምጠው እሱ ነው።

አዲስ_ገቢ፦

የተሰበሰበው ይህን ይመስላል። ልክ ነው?

ዩዩአይዲ=51720364-8093-4127-9056-730418265594 /ዳታ ኤክስት4 ዲፎልትስ,ኖኤታይም 0 2
ዩዩአይዲ=6270418835129046 /ባክአፕ ኤንቲኤፍኤስ3 ዩአይዲ=1000,ጂአይዲ=1000,ዲማስክ=022,ኤፍማስክ=133, ኖፌይል,ኤክስ-ሲስተምዲ.አውቶማውንት,ኤክስ-ሲስተምዲ.ዲቫይስ-ታይምአውት=10ኤስ 0 0

ማዕዶት፦

ሁለተኛው መስመር ላይ ከ133 እና ከኮማው በኋላ ክፍተት አለ። ኤፍኤስታብ ዓምዶችን የሚለየው በክፍተት ነው፤ ስለዚህ ኖፌይል እና ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ አምስተኛው ዓምድ ውስጥ ይወድቃል፣ ኦፕሽን መሆኑ ይቀራል። ኮማዎቹን አያይዛቸው። ሌላው ደህና ነው። ኖኤታይም (ፋይል የተነበበበትን ጊዜ አትመዝግብ የሚለው) ጉዳት የለውም፤ ነባሪው ሬልኤታይም ብዙውን ጽሕፈት አስቀድሞ ስለቀነሰው ግን ትልቅ ለውጥ አትጠብቅ።

ሪቡት ከማድረግህ በፊት እንዲህ ፈትሸው፦

ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ --ቨርቦዝ
ሲስተምሲቲኤል ዴሞን-ሪሎድ
ዩማውንት /ዳታ
ማውንት -ኤ

የመጀመሪያው የሌለ ዩዩአይዲን፣ የሌለ ፎልደርን፣ እንዲህ ያለውንም የክፍተት ስህተት ያወጣዋል። ዴሞን-ሪሎድ የግድ ነው። ሲስተምዲ ኤፍኤስታቡን በቀጥታ አይጠቀምበትም፤ በቡት ጊዜ ወደ ማውንት ዩኒቶች ቀይሮ /ራን/ሲስተምዲ/ጄነሬተር ውስጥ ያስቀምጣል። ፋይሉን አርመህ ሪሎድ ካላደረግክ በእጁ ያለው የድሮው ነው።

ከርነል_ወዳድ፦

የሰርቨር_ዘብ ስለ ቅደም ተከተሉ ያለው ትክክል ነው፤ ለ/ዳታ ኖፌይል አለመኖሩን እደግፋለሁ።

ማውንት -ኤ አለፈ ማለት ቡቱ ያልፋል ማለት እንዳልሆነም ልብ በል። አስቀድሞ የተከፈተውን ይዘለዋል (ለዚህ ነው ዩማውንት የቀደመው)፤ ኖፌይል ያለበት ዲስክ ባይኖር ምንም አይልም፤ ኤክስ-ሲስተምዲ የሚሉትን ኦፕሽኖች ደግሞ ጨርሶ አያያቸውም። አውቶማውንቱን ለብቻው አስነስተህ ሞክረው፦

ዩማውንት /ባክአፕ
ሲስተምሲቲኤል ስታርት ባክአፕ.አውቶማውንት
ኤልኤስ /ባክአፕ

ከዚያ ዩኤስቢውን ነቅለህ አንድ ጊዜ ሪቡት አድርግ። ሳትነቅል የተፈተነ ኖፌይል አልተፈተነም።

አዲስ_ገቢ፦

ተነቅሎም ተሰክቶም በትክክል ይነሳል። አንድ የቀረ ነገር፦ ዩማውንት /ባክአፕ ሲባል «ታርጌት ኢዝ ቢዚ» ይላል። ዩማውንት -ኤል ይሠራል፤ እሱን መጠቀም ይቻላል?

የሰርቨር_ዘብ፦

ልትነቅለው ከሆነ አይቻልም። -ኤል ስሙን ከዛፉ ላይ ያነሳዋል እንጂ ፋይል ሲስተሙን አይዘጋም፤ ፋይል የከፈተ ፕሮግራም መጻፉን ይቀጥላል፣ አንተ ደግሞ የተዘጋ መስሎህ ትነቅለዋለህ። የያዘውን ፈልገው፦

ፊውዘር -ቪኤም /ባክአፕ

አክሰስ በሚለው ዓምድ «ሲ» ካየህ አንድ ተርሚናል እዚያ ፎልደር ውስጥ ቆሟል፤ ሲዲ ብለህ ውጣ። «ኤፍ» ትልቁ ፊደል ከሆነ ለመጻፍ የተከፈተ ፋይል አለ፤ ፕሮግራሙን ዝጋው። ከዚያ ዩማውንት በል፣ ኤልኤስብልክ ላይ የዛሬ ስሙን አረጋግጥና ኤሌክትሪኩን አጥፋለት፦

ዩዲስክስሲቲኤል ፓወር-ኦፍ -ቢ /ዴቭ/ኤስዲቢ

የሚሽከረከር ዲስክ ከሆነ ድምፁ እስኪቆም ጠብቀህ ገመዱን ንቀል።